«ታይፎይድ አለብዎት» የሚለው ወረቀት ምን ያህል ይታመናል?

ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የሰውነት መቆራረጥ አስቸግሮት ወደ ጤና ተቋም የሄደ ሰው ይዞት በሚወጣው የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ስሞች አሉ፤ «ዊዳል» እና «ዌል ፌሊክስ»። ከስሞቹ ትይዩ «1 ለ 80»፣ «1 ለ 160» ወይም «ሪአክቲቭ» የሚል ጽሑፍ ይሰፍራል። ታካሚው ወረቀቱን እንዳየ «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» ይላል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን ይታዘዝለታል። ከወራት በኋላ ድካም ሲሰማው ተመልሶ ይመጣል፤ ምርመራው ይደገማል፤ ውጤቱም ያው ይሆናል። «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» የሚለው አባባል በየሰፈሩ የተለመደው በዚህ መንገድ ነው።

በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ለምንሠራ ጠቅላላ ሐኪሞች ይህን ወረቀት የያዘ ታካሚ የማይገጥመን ሳምንት የለም። ስለዚህ ሐሳቤን ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርግ። አንድ ጊዜ የተሠራ የዊዳል ምርመራ ብቻውን ታይፎይድ መኖሩን አያረጋግጥም። በእሱ ላይ ብቻ ተመሥርቶ አንቲባዮቲክ መስጠትም ሆነ መቀበል መቆም አለበት። ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት ላቦራቶሪው ደማችንን ሲመረምር በትክክል ምን እንደሚፈልግ ማወቅ ያስፈልጋል።

ላቦራቶሪው የሚፈልገው ምንድን ነው?

ትኩሳት ላለበት ሰው የሚሠሩ የተለመዱ ምርመራዎች በአራት መንገዶች ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ተህዋሱን ወይም የታማሚውን ሴሎች በማይክሮስኮፕ በቀጥታ ማየት ነው። ከጣት የተወሰደ የደም ጠብታ በመስታወት ላይ ይቀባል፤ ጊምሳ በሚባል ቀለም ይነከራል፤ ባለሙያውም አንድ ሺህ ጊዜ ያህል አጉልቶ ይመለከተዋል። ቀለሙ የወባ ተህዋስን አስኳል ቀይ፣ የቀረውን አካሉን ደግሞ ሰማያዊ ስለሚያደርገው በቀይ የደም ሴል ውስጥ ተለይቶ ይታያል። ፈረንሳዊው ወታደራዊ ሐኪም አልፎንስ ላቬራን በ1880 እ.ኤ.አ. አልጄሪያ ውስጥ የወባን ተህዋስ በታማሚ ደም ውስጥ ያገኘው በማይክሮስኮፕ ነው። በዚሁ የደም ቅብ ላይ በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ በሽታ ባክቴሪያም እንደ ሽቦ ተጠማዞ ሊታይ ይችላል። ሽንት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ በብዛት የተገኙ ነጭ የደም ሴሎች የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን ይጠቁማሉ።

ሁለተኛው መንገድ የሚፈለገው ነገር ራሱ የሚያመነጨውን ፕሮቲን መፈለግ ነው። የእርግዝና ምርመራን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። እርግዝና ሲኖር የሚመረት አንድ ፕሮቲን በሽንት ውስጥ ሲገኝ በወረቀቱ ላይ ከተለጠፉ ነገሮች ጋር ይጣበቃል፤ ቀለም ያለው መስመርም ይወጣል። በጤና ኬላዎች የሚሠራው ፈጣን የወባ ምርመራም በዚሁ መልክ የወባ ተህዋስ ያመነጫቸውን ፕሮቲኖች ይፈልጋል። የሄፓታይተስ ቢ የመጀመሪያ ምርመራም የቫይረሱን የላይኛው ሽፋን ፕሮቲን የሚፈልግ ነው።

ሦስተኛው መንገድ የራሳችን ሰውነት ተህዋስን ለመከላከል ያዘጋጀውን ፕሮቲን፣ ማለትም አንቲቦዲን መፈለግ ነው። ዊዳልም ዌል ፌሊክስም የሚገቡት እዚህ ውስጥ ነው። በዚህ መንገድ ተህዋሱም ሆነ ተህዋሱ ያመነጨው ነገር አይታይም፤ የሚታየው ሰውነታችን የሰጠው ምላሽ ነው።

አራተኛው ካልቸር የምንለው ነው። ደም ተወስዶ ባክቴሪያው በሚመቸው ምግብ ውስጥ እንዲያድግ ይደረጋል። ካደገ ማንነቱም፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ይታወቃል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለውን ልዩነት በቀላሉ ላስቀምጠው። ሌሊት ውሻ ከጮኸ ሌባ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ጅብ አልፎም ሊሆን ይችላል፤ የጎረቤት ልጅ አምሽቶ ሲገባም ውሻ ይጮኻል። የሌባውን ጫማ ደጃፍ ላይ ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው። አንቲቦዲ መፈለግ የውሻውን ጩኸት እንደ መስማት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። የኤች አይ ቪ ምርመራም በአብዛኛው አንቲቦዲን የሚፈልግ ነው፤ ታዲያ እሱ እንዴት ይታመናል? ምክንያቱ የበሽታው ጠባይ ነው። ኤች አይ ቪ አንዴ ከገባ ከሰውነት ስለማይወጣ አንቲቦዲው ካለ ቫይረሱም አለ ማለት ነው። ያም ሆኖ አንድ ምርመራ ብቻ አይበቃም፤ ውጤቱ በሌሎች ምርመራዎች ይረጋገጣል። ታይፎይድ ግን ይድናል። ከዳነ በኋላ አንቲቦዲው ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለረዘመ ጊዜ በደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ የታይፎይድ አንቲቦዲ መገኘቱ በሽታው ዛሬ መኖሩን ሊነግረን አይችልም።

የ1896ቱ ምርመራ

የዊዳል ምርመራ ስያሜውን ያገኘው በ1896 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቀው ፈረንሳዊ ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል ነው። በዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። አሠራሩም ቀላል ነው። ቀይ የደም ሴሎቹ ተለይተው የቀረው ቢጫማ ፈሳሽ፣ ማለትም ሴረም፣ ከተዘጋጁ የታይፎይድ ባክቴሪያ ቅንጣቶች ጋር በመስታወት ላይ ይደባለቃል። አንቲቦዲ ካለ ቅንጣቶቹ እንደተበጣጠሰ ወተት ይጓጎላሉ። ባለሙያው ይህንን በባዶ ዐይኑ አይቶ ይመዘግባል።

ወረቀቱ ላይ «ኦ» እና «ኤች» ተብለው የሚጻፉት ባክቴሪያው ላይ ያሉ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ «ኦ» ከባክቴሪያው ግድግዳ፣ «ኤች» ደግሞ ለመዋኘት ከሚጠቀምበት ጭራ ፕሮቲን የመጣ ነው። «1 ለ 160» ማለትም ሴረሙ 160 ጊዜ ቀጥኖ እንኳ ቅንጣቶቹን ማጓጎል ችሏል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር የበሽታው መጠን ያደርገዋል። «የእኔ 160 ነው፣ የእሷ 80 ነው፤ የእኔ ይብሳል» ሲባል ይሰማል። ቁጥሩ ግን የሚለካው አንቲቦዲን ነው። ባክቴሪያውን አይለካም፤ የሕመሙን ክብደትም አይናገርም።

ይህ ምርመራ የሚያሳስትባቸው ምክንያቶች በርካታ ናቸው። አንደኛ፣ ቀደም ሲል በታይፎይድ የታመመ ወይም የተከተበ ሰው ዛሬ ሌላ በሽታ ይዞትም ዊዳሉ ሊጓጎል ይችላል። የንጹሕ ውኃ እጥረት ባለበት አካባቢ ደግሞ ከባክቴሪያው ጋር የተገናኘ ሰው ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ የታይፎይድ ባክቴሪያ ዘመዶች የሆኑ ሌሎች የሳልሞኔላ ዓይነቶች ተመሳሳይ አካል ስላላቸው ተመሳሳይ አንቲቦዲ ያስነሳሉ። ወባን የመሳሰሉ ሌሎች ሕመሞችም ምርመራውን ሊያጓጉሉት ይችላሉ። ሦስተኛ፣ አንቲቦዲ ለመመረት ጊዜ ስለሚወስድ በመጀመሪያው የሕመም ሳምንት እውነተኛው የታይፎይድ ታማሚ «ነፃ» ሊባል ይችላል። አራተኛ፣ መጓጎሉን የሚወስነው የባለሙያው ዐይን ነው፤ የኬሚካሉ አያያዝና የማቀዝቀዣው ሁኔታም በውጤቱ ላይ ለውጥ ያመጣል።

በመማሪያ መጻሕፍት የተቀመጠው ትክክለኛ አጠቃቀም አንድ ጊዜ አይቶ መፍረድ አይደለም። ሴረም ሁለት ጊዜ፣ በ10 ወይም በ14 ቀን ልዩነት ተወስዶ፣ የአንቲቦዲው መጠን 4 እጥፍና ከዚያ በላይ መጨመሩን ማየት ነው። ዛሬ ትኩሳት ላለበት ሰው ግን ሁለት ሳምንት መጠበቅ አይቻልም። በተግባር ይህ የማይሠራውም ለዚህ ነው።

የዌል ፌሊክስ ነገር ደግሞ ይብሳል። በ1916 እ.ኤ.አ. ኤድሙንድ ዌል እና አርተር ፌሊክስ የታይፈስ ታማሚዎች ሴረም ፕሮቲየስ የተባለ ባክቴሪያን እንደሚያጓጉል ተመለከቱ። ፕሮቲየስ ግን የታይፈስ መንስኤ አይደለም። ታይፈስን የሚያመጣው ሪኬትሲያ የተባለ፣ በቅማል ወይም በቁንጫ የሚተላለፍ ሌላ ተህዋስ ነው። ሁለቱ በአጋጣሚ የሚመሳሰል አካል ስላላቸው ብቻ ምርመራው ተፈጠረ። ፕሮቲየስ የሽንት ቧንቧን ከሚያጠቁ ባክቴሪያዎች አንዱ በመሆኑ የሽንት ኢንፌክሽን ያለባት ሴት «ታይፈስ» ተብላ ልትወጣ ትችላለች።

እስቲ በስሌት እንየው

ነገሩን ለማብራራት ብቻ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ትኩሳት ያለባቸው 100 ሰዎች ወደ አንድ ጤና ጣቢያ መጡ እንበል። ከእነርሱ እውነተኛ ታይፎይድ ያለባቸው 5 ናቸው። ምርመራው ከ5ቱ 4ቱን አገኘ። ታይፎይድ ከሌለባቸው 95 ሰዎች ደግሞ ከየ5ቱ አንዱን፣ ማለትም 19 ሰዎችን፣ በስህተት «አለባችሁ» አለ። በጠቅላላው 23 ሰዎች «ታይፎይድ» የሚል ወረቀት ይዘው ይወጣሉ። ታይፎይድ ያለባቸው ግን 4 ብቻ ናቸው። 19ኙ የሌለባቸውን በሽታ መድኃኒት ይወስዳሉ፤ አንዱ ደግሞ በሽታው እያለበት «ነፃ ነህ» ተብሎ ይሄዳል።

ከ19ኙ መካከል የወባ፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም በራሱ የሚድን የቫይረስ ትኩሳት ያለበት ሰው ሊኖር ይችላል። ዋናው አደጋ እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው ስም ያለው በሽታ ስለተሰጠው ሌላ መፈለግ ይቆማል። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዘመዶቹ የሳንባ ነቀርሳን ለጊዜው በማስታገስ ትክክለኛውን ምርመራ ሊያዘገዩ ይችላሉ። ለአንድ ወር የሚያስልና የሚከሳ ሰው «ታይፎይድ ነው» ተብሎ ደጋግሞ ሲታከም በቤቱ ያሉ ሕፃናትም ለቲቢ ይጋለጣሉ።

ሌላው ጉዳት የመድኃኒት መላመድ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በፓኪስታን ሲንድ ግዛት የተነሳው የታይፎይድ ወረርሽኝ አብዛኞቹን የተለመዱ መድኃኒቶች የሚቋቋም ነበር። በአፍ ከሚወሰዱት መካከል የቀረው አስተማማኝ መድኃኒት አዚትሮማይሲን ነበር ማለት ይቻላል። አንቲባዮቲክን ያለ በቂ ምክንያት በተጠቀምን ቁጥር ወደዚያው እየተጠጋን ነው። እውነተኛው ታይፎይድ ሳይታከም ከቆየ አንጀትን እስከ መብሳት የሚደርስ ከባድ በሽታ ስለሆነ መድኃኒቱ ለእሱ ሊቆይለት ይገባል።

ወጪውም ቀላል አይደለም። በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ለማያስፈልገው ምርመራና መድኃኒት የከፈለው ገንዘብ ከልጆቹ ምግብ ላይ የተቀነሰ ነው።

በቀጥታ ማየትም ጥንቃቄ ይፈልጋል

ይህን ስል ሌሎቹ ምርመራዎች አይሳሳቱም ማለቴ አይደለም። የወባ የደም ቅብ የሚወሰነው በባለሙያው ችሎታና ትዕግሥት ነው። ተህዋሱ በደም ውስጥ ጥቂት ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል። በመሆኑም ጥርጣሬው ከቀጠለ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መድገም ያስፈልጋል።

ፈጣኑ የወባ ምርመራም ገደብ አለው። ኤች አር ፒ 2 የተባለውን የፋልሲፓረም ወባ ፕሮቲን የሚፈልገው ዓይነት ታማሚው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት መስመር ሊያወጣ ይችላል። ከዚህ በተቃራኒው ደግሞ ይህን ፕሮቲን የማያመነጩ የወባ ተህዋሲያን ተገኝተዋል። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ የተካሄደና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዲህ ያሉ ተህዋሲያን በአገራችን መኖራቸውን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት ከምርመራው የሚያመልጡት ከመቶ 5 ሲበልጡ ሌላ ፕሮቲን ወደሚፈልግ ምርመራ መዛወር እንደሚገባ ይመክራል። ስለዚህ በወባማ አካባቢ ፈጣኑ ምርመራ «ነፃ» ብሎ ትኩሳቱ ከቀጠለ የደም ቅቡ በማይክሮስኮፕ ይታይ ማለት ተገቢ ነው።

ካልቸርም ቢሆን ከ10 የታይፎይድ ታማሚዎች የሚያገኘው 6 ያህሉን ነው። መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ከተወሰደ ደግሞ የማግኘት ዕድሉ ይቀንሳል። ሆኖም ካልቸር «አገኘሁ» ሲል ባክቴሪያውን ራሱን ስላገኘ ሊታመን ይችላል።

«ሌላ ምን አማራጭ አለን?»

ይህን ሐሳብ ሳነሳ ከአንዳንድ ባልደረቦቼ የሚገጥመኝ መልስ አለ። «ካልቸር በሁሉም ቦታ የለም፤ ውጤቱም ቀናት ይፈጃል። ዊዳል ርካሽ ነው፤ በደቂቃዎች ይደርሳል። ታካሚውም ያለ ምርመራ ቢሸኝ ቅር ይለዋል» ይላሉ። ችግሩ እውነት ነው። መፍትሔው ግን የሚያሳስት መልስ መስጠት አይደለም። ርካሽ ምርመራ ውድ የሚሆነው ሲያሳስት ነው።

ካልቸር በሌለበትም ቢሆን ብዙ ማድረግ ይቻላል። ታካሚውን በደንብ መጠየቅና መመርመር፣ የወባ የደም ቅብ መሥራት፣ ሽንት ማየት፣ የደም ሴሎችን መቁጠር፣ ሳል ካለ አክታ መላክ ይቻላል። ትኩሳቱ ከሦስት ቀን በላይ ከቆየ፣ የሆድ ሕመም ካለና ሌሎቹ ምክንያቶች ከተወገዱ ሐኪሙ «ታይፎይድ ሊሆን ይችላል» ብሎ ሕክምና ሊጀምር ይችላል። ይህ በማስተዋል የተሰጠ የሐኪም ውሳኔ ነው፤ ታካሚውም በቀጠሮ ይታያል። አንድ መስታወት ላይ የታየ መጓጎል ግን የሐኪምን ውሳኔ መተካት የለበትም።

ከጤና ተቋማት የሚጠበቀውም ግልጽ ነው። ሐኪም ሳያየውና ሳይጠይቀው ትኩሳት ላለው ሁሉ «ዊዳልና ዌል ፌሊክስ» የሚታዘዝበት ልማድ ይቅር። የማይክሮስኮፕ ባለሙያዎች በቂ ጊዜና ተከታታይ ሥልጠና ያግኙ። በየሪፈራል ሆስፒታሉ ያለው የካልቸር አገልግሎት ናሙና ከጤና ጣቢያዎች የሚቀበልበት መንገድ ይስፋፋ።

ለአንባቢያን

ከእናንተስ ምን ይጠበቃል? አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ለሐኪም የምትነግሩት ታሪክ ከየትኛውም ምርመራ ይቀድማል። ትኩሳቱ መቼ ጀመረ? ሰሞኑን ወደ ቆላማ አካባቢ፣ ለምሳሌ ለእርሻ ሥራ ወደ ሁመራ ወይም መተማ ሄዳችኋል? ሳል፣ የሽንት ማቃጠል፣ ተቅማጥ አለ? ከመምጣታችሁ በፊት የወሰዳችሁት መድኃኒት አለ? እነዚህን ሳትጠየቁም ተናገሩ። ከዚህ በተጨማሪ የሚከተሉትን አስቡባቸው።

1. «ዊዳል ይሠራልኝ» ብላችሁ ራሳችሁ አትዘዙ። ሕመማችሁን ንገሩ፤ ምርመራውን ሐኪሙ ይምረጥ።

2. «ታይፎይድ ነው» ከተባላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ምርመራው ያገኘው ባክቴሪያውን ነው ወይስ አንቲቦዲውን? የወባ ምርመራ ተሠርቷል? ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ጥሩ ሐኪምም አይከፋበትም።

3. ከታከማችሁ በኋላ መዳናችሁን ለማወቅ ዊዳል አታስደግሙ። አንቲቦዲው ለወራት ስለሚቆይ ምርመራው «አለ» ማለቱን ሊቀጥል ይችላል፤ እናንተም ዳግመኛ መድኃኒት ትወስዳላችሁ። መዳን የሚታወቀው ትኩሳቱ ሲጠፋና አቅም ሲመለስ ነው።

4. ትኩሳት ሳይኖር ለወራት የቆየ ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም የምግብ ፍላጎት ማጣት «የቆየ ታይፎይድ» ተብሎ መታለፍ የለበትም። የደም ማነስ፣ ስኳር፣ የእንቅርት እጢ ችግር፣ ቲቢ፣ ጭንቀትና ድብርት ሊሆን ይችላል።

5. አንቲባዮቲክ ከመድኃኒት ቤት በራሳችሁ አትግዙ። ከጎረቤት የተረፈውንም አትዋሱ። የታዘዘላችሁን ግን በተባለው መጠንና ቀን ጨርሱ።

6. የምርመራ ወረቀቶቻችሁን አስቀምጡ። ቀጣዩ ሐኪም ቀደም ሲል የተሠራውን ሲያይ ወጪያችሁ ይቀንሳል።

ውጤት ሳይጠበቅ በአፋጣኝ ወደ ሆስፒታል መሄድ የሚያስፈልግባቸው ምልክቶችም አሉ። ትኩሳቱ ከመዘባረቅ ወይም ራስን ከመሳት፣ ከአንገት መገተር፣ ከሚጥል በሽታ፣ ከትንፋሽ እጥረት፣ ከዐይን ቢጫ መሆን፣ ከመድማት ወይም ከብርቱ የሆድ ሕመም ጋር ከመጣ ጊዜ አይሰጥም። አልጠባ ያለ ሕፃንና ትኩሳት ያለባት ነፍሰ ጡርም እንዲሁ።

ታይፎይድ እውነተኛ በሽታ ነው። በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፍ ስለሆነ ውኃን አፍልቶ ወይም አክሞ መጠጣት፣ ከመጸዳጃ በኋላና ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ጥሬ አትክልትን በንጹሕ ውኃ ማጠብ ከየትኛውም ክኒን ይሻላል። አገራችን ይህን በሽታ የምታሸንፈው በንጹሕ ውኃ፣ በመጸዳጃ ቤትና በትክክለኛ ምርመራ ነው። የላቦራቶሪ ወረቀት ሐኪምን የሚረዳ አንድ ማስረጃ ነው፤ የሕመማችሁን ሙሉ ታሪክ የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። ወረቀቱን ከታሪካችሁ ጋር አንድ ላይ አንብቦ የሚያስረዳችሁን ባለሙያ ፈልጉ።